ማሰሮው የደረቀው በሙቀት አይደለም

«ኔፔንተሴ (ነፍሳት በማሰሮው አጥምዶ የሚበላው ተክል) ቅጠሉ ያምራል፤ ጫፉ ላይ የሚወጣው ማሰሮ ግን ሽምብራ አክሎ ይደርቃል። ማቀዝቀዣ ልግዛ?» ላልከው፦ አትግዛ። የተራራው ዝርያ የሚወደውን የሌሊት ብርድ ጎንደር በነጻ ይሰጥሃል። የጎደለው የአየር እርጥበት ነው፤ በተለይ በበጋ።

ባለ 5 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ቂጡን ቆርጠህ እንደ ቆብ ድፋበት፤ ክዳኑን ክፈተው፣ አየር ይግባ። ብርሃን ያለው መስኮት አጠገብ አስቀምጠው፤ የቀትር ፀሐይ ካገኘው ግን እዚያው ይቀቀላል። አዲስ ማሰሮ ለማየት ወራት ትጠብቃለህ።

ውሃው ላይ አደራ። እኔ የቧንቧ ውሃ አፍልቼ ሳጠጣው ከርሜ አፈሩ ነጭ ቅርፊት ጋገረ፣ ሥሩም ጠቆረ። ማፍላት ጨዉን አያስወጣም። ክረምት ላይ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች አሳልፈህ ከቆርቆሮ የሚወርደውን በጀሪካን አጠራቅም። ጨው የሌለው የተጣራ ውሃ ፈልገህ «የባትሪ ውሃ» ሲሉህም ጠይቀህ ግዛ፤ አንዳንዱ አሲድ ነው።