ዘንዶው ይቆይ፣ መሬቱ የማን ነው?

ሰሞኑን አንድ ወጣት ደራሲ በስልኩ የሠራውን የዘር ሐረግ አሳየኝ። የሚጽፈው ፋንታሲ፣ ማለትም አስማትና ዘንዶ ያለበት የምናብ ዓለም ልብ ወለድ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ መስፍን አለ፣ ከእሱ በታች አሥራ ሁለት ትውልድ ተደርድሯል። ሁሉም ወንድ፣ ሁሉም ጀግና። አርማቸው ክንፍ ያለው አንበሳ ነው። «ጋሼ፣ የቤተሰቡን ታሪክ ከየት ልጀምረው?» አለኝ። ሥዕሉ ያምራል፣ አልዋሽም። እኔን ግን ትዝ ያሉኝ አንዲት እማሆይ ናቸው። ለእሱ በደንብ ስላልመለስኩለት እዚህ ልጻፈው፤ እንደሱ የምትጽፉ ብዙ እንደሆናችሁ እሰማለሁ።

ከአብዮቱ በፊት ጎጃም ውስጥ በአንድ የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ታሪክ ማስተማሩም፣ የሰው ድርሰት ማረሙም በኋላ የመጣ ነው። ያኔ ከሚቀርበው ክስ አብዛኛው የርስት ነበር። በዚያ አገር ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠራል። ከአቅኚው አባት ተነስተህ እስከ ራስህ ድረስ ሐረጉን ሳትስት መውረድ አለብህ። አንድ ስም ከጎደለ መሬቱም ይጎድላል። ስለዚህ ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ ቅድመ አያቶቹን እንደ ዳዊት ይደግም ነበር። የዛሬ ልጅ የሌላ ዓለም መሳፍንትን በስም ይዘረዝርልሃል፤ የሴት አያቱን አባት ጠይቀው እስቲ።

እማሆይ ከሳሽ ናቸው። ወንዝ ዳር ያለች አንዲት እርሻ ይጠይቃሉ። ተከሳሹ የእናታቸው ወንድም የልጅ ልጅ ነው፣ ነገረ ፈጅ ቀጥሯል። እማሆይ ግን ቆባቸውን ጭነው፣ ነጠላቸውን አደግድገው ብቻቸውን ቆመዋል። በጣታቸው አንጓ ይቆጥራሉ። አውራ ጣታቸው ከትንሿ ጣት ሥር ይነሣና አንጓ በአንጓ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ጣት ይሻገራል። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሊትን ወለደ። ቀለበት ጣት ላይ ሲደርሱ ነገረ ፈጁ ብድግ አለ።

«እሷ የጡት ልጅ ናት! የአብራክ ልጅ አይደለችም!»

ችሎቱ ጸጥ አለ። የጡት ልጅነት በአገራችን ቀላል ነገር አይደለም። ማር የተቀባ ጡት ወይም ጣት ተጠብቶ፣ ሰው ፊት ልጅ ይኮናል። ልጅነቱን የሚክድ የለም። ርስት ይካፈላል ወይ የተባለ እንደሆነ ግን ዱላ ይመዘዛል። ያቺ «የጡት ልጅ» የተባለችው ደግሞ ሩቅ ሰው አይደለችም፤ የእማሆይ የገዛ እናት ናት።

እማሆይ አልተቆጡም። አውራ ጣታቸውን ከአንጓው ሳያነሱ መናገር ጀመሩ። በክፉ ቀን ነው አሉ፣ ከብቱ ያለቀ ጊዜ። የአብራክ ልጆች የተባሉት እህል ፍለጋ ቆላ ወረዱ። እናቴ ግን ካሳደጋት ሽማግሌ ጋር ቀረች አሉ። በሬ ስለሌለ በዶማ ቆፈረች። ዘሩን ከየት እንዳገኘች፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግብር በምን እንደከፈለች፣ ሽማግሌውን ማን እንደቀበረው እያሉ ቀጠሉ። በመጨረሻም «ወንድሟ ሲመለስ በሩን የከፈተችለት እሷ ናት፤ እሱ ግን መጀመሪያ የጠየቃት...» ሲሉ ዳኛው ጠረጴዛውን በእርሳስ መቱ።

«እማሆይ፣ ወደ ፍሬ ነገሩ!» አሉ። ወደ እኔም ዞረው «ይህን አትጻፍ» አሉኝ።

ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም። የእጅ ጽሑፌን ይወዱት ነበር፣ እስክሪብቶ ሲያልቅብኝ የራሳቸውን ይሰጡኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ችሎቱን በማስመሰል ያስቁናል፤ የነገረ ፈጆቹን ድምፅ ሲያወጡ ከኋላ ሆኖ የሚሰማ ራሱ ሰውዬው የመጣ ይመስለዋል። ለማንኛውም መዝገቡ ላይ የሰፈረው አንድ መስመር ነው፦ የከሳሽ እናት የአብራክ ልጅ ስለመሆኗ ክርክር ተነሥቷል፣ ምስክር ይቅረብ። ቀጠሮ ተሰጠ። ቀጠሮው በቀጠሮ ተተካ። ከዚያ የካቲት 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ መጣና ክርክሩ ሁሉ ከንቱ ሆነ።

ወንድምዬው በሩ ላይ ቆሞ ምን እንደጠየቃት አላወቅሁም። ይቆጨኛል። ከዚያ በኋላ እማሆይን ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ አይቻቸዋለሁ፣ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ቀረብ ብሎ «እማሆይ፣ የቀረውን ይንገሩኝ» ማለት ነበር። ወጣት ነበርኩ፤ የአሮጊት ወሬ ከመዝገብ ይበልጣል ብሎ ማን ያስባል?

እንግዲህ ልጆቼ፣ ብዙ አንብቡ፣ በየቀኑ ጻፉ የሚለውን እዚህ አልደግምላችሁም፤ ሰልችቷችኋል። እኔ የምለው የቤተሰቡን ታሪክ ከአባት ጀምራችሁ ወደ ልጅ አትውረዱ ነው። መሬቱን፣ ዙፋኑን፣ ወይም ያንን አስማተኛ ሰይፍ ማን ይገባኛል እንደሚል ጠይቁ። ከዚያ ተቃዋሚው ከሐረጉ ውስጥ የትኛውን ስም ማውጣት እንደሚፈልግ ጠይቁ። ታሪኩ እዚያ ስም ላይ ነው ያለው።

ደግሞ ከእውነተኛ ታሪክ አትገልብጡ። እንዲህ ብዬ ግን የወረሸህን ቤት ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በዘመነ መሳፍንት ከየጁ ተነስተው ጎንደርን በእጃቸው ያስገቡት ናቸው። ዘራቸውን ከዓረብ አገር መጣ ከሚባል ሼህ ዑመር ይቆጥራሉ። ከታላቁ ራስ አሊ እስከ ሁለተኛው ራስ አሊ ሰባ ዓመት ገደማ ገዝተዋል። ግን የሰሎሞን ዘር አይደሉምና ዘውዱን ራሳቸው አልጫኑም። ደብረ ታቦር ተቀምጠው ጎንደር ላይ ንጉሥ ያስቀምጣሉ፣ ሲሰለቻቸው ያወርዳሉ። ማንገሥ ይችላሉ፣ መንገሥ ግን አይችሉም! ይህን የሚያህል ቋጠሮ ያለበት ቤት በምናብ ፍጠር ብትሉኝ እኔ አልችልም።

ራስ ጉግሣ በ1817 ዓ.ም ሲሞቱ ሥልጣኑ ወደ ልጃቸው ይማም ሄደ፣ ከዚያ ወደ ማርዬ፣ ከዚያ ወደ ዶሪ። ሦስት ወንድማማቾች ስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ አለቁ። ማርዬ በ1823 ዓ.ም ደብረ ዓባይ ላይ ከትግሬው ደጃዝማች ሱባጋዲስ ጋር ሲዋጋ ወደቀ። ተራው ገና ልጅ ለነበረው ለሁለተኛው አሊ ደረሰ። ልጁ ራስ ተባለ፤ ነገሩን የያዙት ግን እናቱ ወይዘሮ መነን ናቸው። ኋላ የጎንደሩን ንጉሥ ሦስተኛውን ዮሐንስን አግብተው እቴጌ ሆኑ። ቋጠሮውን እንዴት እንደፈቱት አያችሁ? ወንዶቹ በሰይፍ ያልገቡበትን ቤት እሳቸው በጋብቻ ገቡበት።

ከዚያ ቋራ ላይ አንድ ካሣ የሚባል ሽፍታ ተነሣ። መነንና ራስ አሊ ለማሰር ሲያቅታቸው አማች አደረጉት፤ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። እሷ ከአባቷ ይልቅ ባሏን መረጠች። ሰኔ 1845 ዓ.ም አይሻል ላይ ራስ አሊ በገዛ አማቹ ተሸነፉ። አማቹ በ1847 ዓ.ም ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ፋንታሲ ጸሐፊ ቢሆን እዚህ ላይ «ቤቱ ጠፋ» ብሎ ምዕራፉን ይዘጋል። ቤቱ ግን አልጠፋም። የራስ ጉግሣ አንዲት ልጅ ወደ ስሜን ተድራ ነበር። የእሷ የልጅ ልጅ እቴጌ ጣይቱ ናቸው። የጣይቱ ወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌ ደግሞ የንግሥት ዘውዲቱ ባል ነበር፤ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም አንቺም በተባለ ቦታ በጦርነት ሞተ፣ ከላዩ አውሮፕላን እየበረረ። ንግሥቲቱም በሁለተኛው ቀን አረፉ። ከጎራዴ ዘመን እስከ አውሮፕላን፣ ሐረጉ በሴትም በኩል የወረደ ነው። የወጣቱ ሥዕል ላይ ግን አንዲት ሴት የለችም፤ አሥራ ሁለቱ ጀግኖች ማን እንደወለዳቸው እንጃ።

አሁን የዘር ሐረግ አትሣሉ ያልኩ ይመስላል። ሣሉ። እኔም የወረሸህን በትልቅ ወረቀት ሥዬ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ባለቤቴ ልጣፍ ነው እያለች ትስቃለች። ከሣላችሁ በኋላ ግን ሁለት ስም በእርሳስ ሰርዙና የሠረዘው ማን እንደሆነ ጻፉ።

ማዕረግ ላይም ትንሽ ልጨምር፤ የሚያናድደኝ ነገር ነው። ዛሬ በምታመጡልኝ ረቂቅ ውስጥ ሁሉም ሰው ልዑል ነው፣ ሁሉም መስፍን ነው፣ ሥራ ግን የለውም። በድሮው ቤት ማዕረግ ሥራ ነበር። በጅሮንድ ካላችሁት ግምጃ ቤቱን ይጠብቅ። ሊቀ መኳስ ካላችሁት ጦር ሜዳ ላይ የንጉሡን ልብስ ለብሶ ጥይቱን ይቀበልለት። አጋፋሪ ካላችሁት በር ላይ ቆሞ ባለጉዳይ ያስገባ፣ ይመልስ። ጉቦ መብላቱንና አለመብላቱን እናንተ ወስኑ።