የውቅያኖስ ዕቅድ ሲከለስ ሥራው ከየት ይጀመር? ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

በአሜሪካዋ የማሳቹሴትስ ስቴት ከሚገኙ የባሕር ዳር ከተሞች በአንዱ የፕላን ቢሮ በቅርቡ ሥራ የጀመሩት እህታችን፣ የስቴቱ የውቅያኖስ አስተዳደር ዕቅድ በየአምስት ዓመቱ እንደገና መታየት ያለበት ለምን እንደሆነ፣ የክለሳው ጊዜ ሲመጣም አንድ የከተማ ባለሙያ ከምን ቢጀምር እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔ በዚሁ አካባቢ በካርታ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ የሠራሁ ሲሆን፣ በሁለት የክለሳ ዙሮች ለባለሙያ ቡድኖች የሚቀርቡ ካርታዎችን በማዘጋጀት ተሳትፌአለሁ። ከዚያ ልምድ ተነሥቼ የምመክረው፣ የዕቅዱን ጽሑፍ ከማንበብዎ በፊት ዕቅዱ ካለፈው ክለሳ ወዲህ በየትኞቹ የፈቃድ ውሳኔዎች ላይ እንደዋለና ውሳኔውን በምን እንደለወጠ እንዲመለከቱ ነው።

ምክንያቱን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፤ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኬፕ ዊንድ የተባለው ፕሮጀክት በ2001 ናንተኬት ሳውንድ በተባለው የባሕር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ የንፋስ ተርባይኖችን ለመትከል ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ባሕሩን ለየትኛው አገልግሎት፣ በየትኛው ስፍራ እንፍቀድ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አንድ ወጥ ሰነድ በስቴቱ እጅ አልነበረም። ፕሮጀክቱ ከረጅም ክርክር በኋላ በ2017 ቢቀርም፣ በመካከሉ የተነሣው ጥያቄ ግን ሕግ ወልዷል። በግንቦት 2008 አገረ ገዥው ዴቫል ፓትሪክ የፈረሙት የውቅያኖስ ሕግ፣ ዕቅድ እንዲዘጋጅ፣ 17 አባላት ያሉት አማካሪ ኮሚሽንና 9 አባላት ያሉት የሳይንስ አማካሪ ምክር ቤት እንዲቋቋም፣ ዕቅዱም ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ እንዲታይ አዘዘ። የመጀመሪያው ዕቅድ በ2009 መጨረሻ፣ ሁለተኛው በጥር 2015 የወጣ ሲሆን፣ ሦስተኛው የ2021 ዕቅድ ተብሎ ይታወቃል።

አምስት ዓመት ለባሕር አጭር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። የመጀመሪያው ዕቅድ ሲዘጋጅ ትልቁ ጥያቄ ተርባይኖች በስቴቱ ውኃ ውስጥ የት ይተከሉ የሚል ነበርና ከከቲሃንክ ደሴትና ከኖማንስ ላንድ አጠገብ ሁለት ስፍራዎች ለዚሁ ተለይተው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የንፋስ ኃይል ልማቱ ርቆ ከስቴቱ ወሰን ባሻገር ወዳለው የፌዴራል መንግሥት ውኃ ሄደ። ቪንያርድ ዊንድ የተባለው ባለ 62 ተርባይን፣ 800 ሜጋዋት ፕሮጀክት በኋላ ከማርታስ ቪንያርድ ደሴት በስተደቡብ ተተከለ፤ ኬብሎቹ ግን ወደ ባርንስታብል ከተማ ለመድረስ የግድ የስቴቱን ውኃ ማቋረጥ ነበረባቸው። የ2015ቱ ክለሳ ለኬብል መተላለፊያ የሚሆኑ መስመሮችን ወደ ማጥናት ያዘነበለው እንዲህ ያለ ነገር እንደሚመጣ አስቀድሞ ስለታየ ነው። አንድ ሰው ያኔ የ2009ኙን ጽሑፍ ይዞ ዓረፍተ ነገሮቹን ብቻ ቢያርም ኖሮ፣ ማንም ለማይጠይቀው ጥያቄ የተስተካከለ መልስ ያዘጋጅ ነበር። የፈቃድ ማመልከቻዎቹን አስቀድሞ ያየ ሰው ግን ነገሩ ወደ ኬብል እየሄደ መሆኑን ገና ከጅምሩ ይረዳል።

ቀጥሎ ወደ ካርታዎቹ ይሂዱ፤ የዕቅዱ ጉልበት ያለው እዚያ ነውና። ዕቅዱ ልዩ ጥበቃ የሚያሻቸውን ሀብቶች፣ ለምሳሌ የራይት ዌል ዓሣ ነባሪ መሰባሰቢያዎችን፣ ኢልግራስ የተባለውን የባሕር ሣር፣ ድንጋያማውን የባሕር ወለል በካርታ ለይቶ ያስቀምጣል። በእነዚህ ስፍራዎች ላይ ግንባታ የሚያቀርብ ሁሉ፣ ጉዳቱ የሚያንስ ሌላ ተግባራዊ አማራጭ እንደሌለ፣ ወይም ካርታው በዚያ ስፍራ ያለውን ሀብት በትክክል እንደማያሳይ የማስረዳት ሸክም ይወድቅበታል። በመሆኑም በካርታ ላይ ያለች አንዲት መስመር ጥቂት መቶ ሜትር ብትንቀሳቀስ፣ የማስረዳቱ ሸክም ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይዛወራል።

ይህን በሚገባ የተረዳሁት በአንድ ምሽት ነው። በአንድ የወደብ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ ረቂቁን የድንጋያማ ወለል ካርታ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን የአካባቢውን ሰዎች አስተያየት እየተቀበልን ሳለን፣ ሎብስተር የተባለውን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ የሚያጠምዱ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ቀርበው መነጽራቸውን አደረጉና ጣታቸውን ካርታው ባዶ በሆነበት ቦታ ላይ አሳረፉ። «እዚህ ምንም የለም ብላችኋል፤ እኔ ግን ወጥመዴን የምጥለው እዚህ ነው» አሉኝ። ከኪሳቸው ጫፎቹ በጨው ውኃ የደረቁ ማስታወሻ ደብተር አውጥተው፣ ከጀልባቸው መሣሪያ የገለበጧቸውን የቦታ ቁጥሮች አሳዩኝ። ሎብስተር መደበቂያ ስለሚፈልግ ድንጋይ ባለበት ይበዛል፤ እሳቸውም ወለሉን የሚያውቁት ከወጥመዳቸው ገመድ ነው። ወደ ቢሮ ተመልሼ የመረጃውን ምንጭ ስፈትሽ፣ የመለኪያ ጀልባዋ የተጓዘችባቸው መስመሮች በዚያ አካባቢ እጅግ የተራራቁ ሆነው አገኘኋቸው። ያልተለካውን ስፍራ በባዶ ነጭ ቀለም አሳይተን ነበር፤ አንባቢውም በዚያ ስፍራ ሀብት እንደሌለ አድርጎ ይረዳው ነበር።

መስመሩን በአጥማጁ ቃል ብቻ አላንቀሳቀስነውም፤ እንዲህ ማድረግ ለእሳቸውም ቢሆን አይጠቅምም፤ በክርክር ጊዜ የሚቆም ማስረጃ ያስፈልጋልና። ያደረግነው ስፍራውን እንደገና መታየት ካለባቸው ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ማስገባትና፣ በሚቀጥሉት ረቂቆች ሁሉ ያልተለካውን ስፍራ በተለየ የሰረዝ ምልክት ማሳየት ነበር። የከተማዎን ካርታ ሲመለከቱ ይህን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ባዶው ቦታ ተለክቶ ነው ባዶ የሆነው ወይስ ጭራሹን ያየው የለም?

የባሕር ሣሩ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የከበደ ነው። ኢልግራስ ብርሃን ይፈልጋል። ኬፕ ኮድ በተባለው የስቴቱ ልሳነ ምድር ከየቤቱ የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚሰርገው ናይትሮጅን በከርሰ ምድር ውኃ በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤዎቹ ሲደርስ፣ አልጌ ይበዛና ውኃው ይደፈርሳል፤ ሣሩም ብርሃን አጥቶ ይሞታል። ለታዳጊ ዓሦችና ስካሎፕ ለተባለው ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ መጠለያ የሆነ መስክ እንዲህ በጸጥታ ሲጠፋ ማየት ያሳዝነኛል። በክለሳ ጊዜ በአዲሱ የአየር ላይ ፎቶግራፍ ሣሩ ካልታየ ከካርታው ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ይቀርባል። ዛሬ የሌለውን አለ ብሎ ማሳየት ስሕተት እንደሆነ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የጠፋው በብክለት ከሆነ፣ ውኃው ሲጠራ ሊመለስ የሚችልበትን ስፍራ ለግንባታ ክፍት ማድረግ ጥፋቱን ዘላቂ ማድረግ ነውና፣ የቀድሞው መስክ በተለየ ቀለም ተለይቶ እንዲቆይ ዛሬም እከራከራለሁ።

ዓሣ ነባሪዎቹን በሚመለከት ብዙ አልልም። ቁጥራቸው ከ400 በታች የሆነው የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዌሎች በክረምት መጨረሻና በጸደይ በኬፕ ኮድ ቤይ ይሰባሰባሉ፤ የሚበሉትን ጥቃቅን ፍጥረት ተከትለው ስለሚንቀሳቀሱ፣ የድሮ ቅኝት ላይ ብቻ የተመሠረተ ካርታ ያታልላል።

አንድ ነገር እንዳይሳሳቱ ላስታውስዎ። ዕቅዱ የሚሸፍነው በአብዛኛው ከዳርቻው 0.3 ኖቲካል ማይል (አንዱ ወደ 1.85 ኪሎ ሜትር ነው) ርቆ ከሚጀምረው ስፍራ እስከ 3 ኖቲካል ማይል ያለውን ውኃ ነው። የዓሣ ማጥመድ ደንብ የሚወጣው በሌላ የስቴቱ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ የከተማዎ የጀልባ ማቆሚያና የዳርቻ ግንብ ጉዳይም በሌሎች ሕጎች ይታያል። በስብሰባ ላይ ሰዎች በእነዚህ ጉዳዮች ተቆጥተው ሲመጡ፣ «አይመለከተንም» ከማለት ይልቅ ጉዳዩ የሚታይበትን ቢሮ ነግሮ መሸኘት ይሻላል።

በመጨረሻም በእኔ ላይ የደረሰውን ልንገርዎ። በአንድ ወቅት ከሌላ ቡድን የተረከብነው ካርታ ላይ አንድ የጥበቃ ወሰን ከቀድሞው ዕትም ጠብቦ አገኘነው፤ ለምን እንደጠበበ ግን የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሥራውን የሠሩት ሰዎች ለቀው ሄደዋል፤ ኢሜይሎቹም አልተገኙም። አዲስ መረጃ ተገኝቶ ይሁን፣ የፋይል ስሕተት ይሁን፣ ወይም አንድ ጉልበተኛ አመልካች ጫና አድርጎ ይሁን ለማወቅ ሳምንታት ፈጀብን፤ ምክንያቱ ስላልተገኘም የቀድሞውን ወሰን መለስነው። ከዚያ ወዲህ በእጄ የሚያልፍ መስመር ሁሉ ቀኑን፣ የመረጃውን ምንጭና የተቀየረበትን ምክንያት የያዘ አንድ አንቀጽ ሳይያያዝበት አይወጣም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከተማዎን የሚነኩትን የባሕር ፈቃድ መዝገቦች አውጥተው፣ ዕቅዱ የተጠቀሰበትን ገጽ እየለዩ ምልክት ያድርጉ። በየትኛውም መዝገብ ካልተጠቀሰ እሱ ራሱ ለክለሳው ቡድን በጽሑፍ ሊቀርብ የሚገባ ግኝት ነው። መዝገቦቹን ለይተው ሲጨርሱ የሚቸገሩበት ካርታ ካለ እዚሁ ያስቀምጡልኝ፤ አብረን እናየዋለን።