የ20 ሰዓት ፈረቃ የሠራው ጋጋሪ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የኮምፒውተር ሳይንስ የ2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። አጎቴ ዳቦ ቤት ስላላቸው የሠራተኞችን መግቢያና መውጫ የሚመዘግብና የሠሩትን ሰዓት የሚያሰላ ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍኩላቸው። የተጻፈውን ሰዓት በሁለት ነጥቡ (:) ላይ በስፕሊት እከፍለዋለሁ፤ ኢዝዲጂት ቁጥር ነው ካለኝ በኢንት ሊሰላ ወደሚችል ቁጥር እቀይረዋለሁ፤ ሰዓቱ ከ0 እስከ 23፣ ደቂቃው ከ0 እስከ 59 መሆኑንም አረጋግጣለሁ። ሆኖም ሒሳብ ያዡ በግዕዝ ቁጥር «፱» ብለው ሲጽፉ ኢዝዲጂት ያሳልፈዋል፤ ኢንት ላይ ሲደርስ ግን ፕሮግራሙ ይቆማል። ሁለተኛው ችግር የባሰ ነው። 9:00 ገብቶ 5:00 የወጣ ጋጋሪ ከዜሮ በታች 4 ሰዓት ሠራ ተባለ። ጓደኛዬ «ውጤቱ ከዜሮ በታች ሲሆን 24 ደምር» ብሎኝ ብደምር 20 ሰዓት አለ። አጎቴ ተቆጥተዋል። ማጣሪያዬ የተሳሳተው የት ላይ ነው?

መልስ፦ አጎትህ ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊጥ ሊያቦካ የገባ ሰው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ከወጣ የሠራው 8 ሰዓት ነው። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ይህን የማያውቀው ያንተ ፕሮግራም ብቻ ነው።

የጓደኛህ ምክር በራሱ ስህተት የለበትም፤ እኩለ ሌሊትን ለሚሻገር ፈረቃ ትክክለኛው መንገድ ነው። ችግሩ የተሰጠው ቁጥር ነው። ከ0 እስከ 23 የሚለው ገደብህ ቆጠራውን ከእኩለ ሌሊት ለሚጀምር ሰዓት የተበጀ ነው፤ ጋጋሪዎቹ ደግሞ አንዴ ከንጋት፣ አንዴ ከምሽት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት። 9:00ም 5:00ም ገደቡን ያልፋሉ፤ የትኛው 9፣ የትኛው 5 እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። ከሠራተኞቹ አንዱ በፈረንጅ አቆጣጠር የተስተካከለ ስልኩን አይቶ 3:00 ብሎ ቢሞላስ? እሱም ያልፋል።

ስለዚህ ሰዓቱን ከ1 እስከ 12 ብቻ ተቀበል፤ ቀጥለህ «ቀን ነው ሌሊት?» ብለህ ጠይቅ። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ምሽት፣ ሌሊት ብሎ በአራት መክፈል ያምራል፤ ግን 11 ሰዓት ንጋት ነው ሌሊት የሚል ክርክር ዳቦ ቤት ውስጥ ስለሚያስነሳ እኔ አልመርጠውም። መልሱን ካገኘህ በኋላ ሰዓቱን ለ12 አካፍለህ ቀሪውን ውሰድ፤ ቀን ከሆነ 6፣ ሌሊት ከሆነ 18 ደምር፤ ድምሩን ለ24 አካፍለህ ቀሪውን ያዝ። የሌሊቱ 9 ሰዓት 3 ይሆናል፣ የቀኑ 5 ሰዓት 11። ከዚያ ሁሉንም ወደ ደቂቃ ቀይር፦ 180 እና 660፤ ልዩነቱ 480 ደቂቃ፣ ማለትም 8 ሰዓት። ጥበቃው ከምሽቱ 12 ሰዓት ገብቶ ጠዋት 12 ሰዓት ሲወጣ ግን 1080 እና 360 ስለሚሆን ልዩነቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የጓደኛህን 24 ሰዓት፣ ማለትም 1440 ደቂቃ፣ የምትደምረው እዚህ ላይ ነው።

12 ሰዓት ራሱ አስቸጋሪ ነው። በዚህ ስሌት የጠዋቱ 12 ቀን፣ የምሽቱ 12 ሌሊት ይባላል፤ ተጠቃሚው ግን ይህን ላያውቅ ይችላል። 12 በተጻፈ ቁጥር «የጠዋቱ ነው የምሽቱ?» ብለህ ለብቻው ጠይቅ። ከመመዝገብህ በፊትም «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገብተው ከቀኑ 5 ሰዓት ወጡ፤ 8 ሰዓት» ብለህ መልሰህ አሳያቸው። ከ14 ሰዓት የበለጠ ወይም ዜሮ ከወጣ «እርግጠኛ ነዎት?» በል።

አሁን ወደ ፱ እንምጣ። በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለየቋንቋው ፊደልና ምልክት በሚጠቀሙበት የጋራ መዝገብ) ከ፩ እስከ ፱ ያሉት «አሃዝ» ተብለው ስለተመዘገቡ ኢዝዲጂት እውነት ይላል፤ ኢንት የሚቀበለው ግን እንደ 0–9 ያሉ የአስርዮሽ አሃዞችን ብቻ ነው። ፲ን ደግሞ ኢዝዲጂትም አይቀበለውም። ከኢንት ጋር የሚስማማው የአስርዮሽ አሃዝ መሆኑን የሚያጣራው ኢዝዴሲማል ነው። ሒሳብ ያዡን ላለማስቀየም ከፈለግህ ዩኒኮድዳታ በተባለው የፓይተን ሞጁል (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ውስጥ ያለው ኒውመሪክ የእያንዳንዱን ምልክት ዋጋ ይሰጥሃል፤ ከ100 በታች ዋጋዎቹን መደመር ይበቃል፤ ፴፭ ማለት 30 እና 5 ነውና። በግዕዝ ቁጥር ዜሮ ስለሌለ ደቂቃው ባዶ ከተተወ 0 ብለህ ውሰደው። በአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ የሚጻፈው ፡ ደግሞ ለኮምፒውተሩ ከ: የተለየ ምልክት ነው፤ ስፕሊት ከማድረግህ በፊት በሪፕሌስ ቀይረው፤ አለበለዚያ የሰዉ ግማሽ ያለ ጥፋቱ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ በየቦታው በኢፍ አትበትነው። አንድ ፈንክሽን ጽሑፍ ይቀበል፣ ደቂቃ ይመልስ፤ ካልሆነለት ቫሊዩኤረር (የተሰጠው ዋጋ አይሆንም የሚለውን የፓይተን ስህተት) ያስነሳ። በዋይል ዙር (ትክክለኛ መልስ እስኪገኝ በሚደጋገም ትእዛዝ) ውስጥ ጠይቅ፤ ቫሊዩኤረርን ብቻ ያዝና ደግመህ ጠይቅ። ኢንት ሲያቅተውም፣ ስፕሊት ከሁለት ያነሰ ወይም የበለጠ ቁራጭ ሰጥቶ ለሁለት ተለዋዋጮች ማካፈል ሲያቅትም የሚነሳው ይኸው ስህተት ነው። ባዶ ኤክሰፕት፣ ማለትም የስህተቱን ዓይነት ሳይለይ ሁሉንም የሚይዝ፣ አትጻፍ፤ ለማቋረጥ ኮንትሮልና ሲ ሲጫኑ እንኳ ፕሮግራሙ አልወጣም ብሎ መጠየቁን ይቀጥላል። የስህተት መልእክትህም «ልክ አይደለም» ብሎ አያብቃ፤ «ደቂቃው ከ59 አይበልጥም፤ ለምሳሌ 9:30» ይበል። ከግዕዝ ቁጥር ውጭ ሲጻፍ ደቂቃው ሁለት አሃዝ እንዲሆንም አስገድድ። የተጻፈ ሰዓትን የሚያነበውን የፓይተን ስትሪፕታይም እንኳ ብትጠቀም 7:5ን ያለ ተቃውሞ 7:05 ያደርገዋል፤ የጻፈው ሰው 7:50 ማለቱ ሊሆን ይችላል።

እስካሁን የተመዘገበውን በፕሮግራም ለማረም አትሞክር፤ ቀን ይሁን ሌሊት መዝገቡ ውስጥ የለም። ወረቀት ላይ አትምና ጋጋሪዎቹን እየጠየቅህ በእጅ አስተካክል፤ ደመወዝ ሳይከፈል ብትደርስ ጥሩ ነው።