ለድሮ ሩኪዎች ሽልማት ልትሰጥ ከሆነ፣ ከ1876 አትጀምር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ከ1876 እስከ 1900 ለእያንዳንዱ ዓመት ምርጥ የቤዝቦል ሩኪ (አዲስ ገቢ ተጫዋች) ልመርጥ ነው፤ ከየት ልጀምር?» ነው ያልከው። እኔም ልክ እንዳንተ ተነስቼ አምስት ወር ለፋሁ፤ ከዚያ ሁሉንም አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። አንተ ያን ድካም እንዳታይ ነው የምጽፈው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ከ1876 አትጀምር። እኔ የከሰርኩት እዚህ ላይ ነው። ናሽናል ሊግ የሚባለው የአሜሪካ ትልቅ ሊግ የተመሠረተው በዚያ ዓመት ስለሆነ ሁሉም ተጫዋች ያኔ አዲስ መሰለኝ። ሰንጠረዡን ስከፍት የቺካጎው ሮስ ባርንስ በ.429 የመምታት አማካይ (ከ1000 ተራ 429 ምት እንደማለት ነው) አንደኛ ነው። ወዲያው ሸለምኩት። ከኪሴ አውጥቼ 40 ቅጂ አሳተምኩና የድሮ ቤዝቦል ወዳጆች ስብሰባ ላይ ይዤ ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ የመጀመሪያውን ገጽ አዩና፣ «ልጄ፣ ባርንስ እኮ ከዚያ በፊት ቦስተን አምስት ዓመት ተጫውቷል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከ1871 እስከ 1875 ናሽናል አሶሲዬሽን የሚባል ሊግ ነበር። በ1969 አንድ ኮሚቴ ከትልልቅ ሊጎች አይቆጠርም ብሎ ወሰነ እንጂ፣ ሰዎቹማ ተጫውተዋል። ባርንስ፣ ስፖልዲንግ፣ አንሰን፣ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። ያ .429 ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ያኔ ኳሷ መጀመሪያ መስመሩ ውስጥ ከነካች፣ ተንከባላ ብትወጣም እንደ ትክክለኛ ምት ትቆጠርለት ነበር። ባርንስ ደግሞ በዚህ ምት የተካነ ነበር። በ1877 ሕጉ ተቀየረ።

ሳላድላቸው የቀሩት ቅጂዎች እስካሁን ቁም ሳጥኔ ውስጥ አሉ። በ1882 አሜሪካን አሶሲዬሽን፣ በ1890 ፕሌየርስ ሊግ ሲጀምሩም ያው ወጥመድ ነው። ሊጉን ሳይሆን ሰውየውን ተከተል።

2. ሩኪ የምትለው ማንን እንደሆነ አስቀድመህ ጻፍ። የዛሬው ልክ ለመቺ 130 የመምታት ተራ፣ ለወርዋሪ 50 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ነው፤ ከዚያ ያለፈ በሚቀጥለው ዓመት ሩኪ አይባልም። ይህ ግን ለ162 ጨዋታ የተሠራ ነው። ቺካጎ በ1876 የተጫወተው 66 ብቻ ነው። እንዳለ ከወሰድከው ግማሽ ዓመት ሙሉ የተጫወተ ሰው በሚቀጥለው ዓመትም ሩኪ ይሆንልሃል። እኔ ልኩን በጨዋታው ብዛት ቀነስኩት። ለዚህ የድሮ ጋዜጣ ያስፈልገኝ ነበርና አንድ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ሠራተኛው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ይሄ ለተመራማሪ ነው» ብሎ መለሰኝ። በጣም ነው የከፋኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ፣ ከዚያም በሚቀጥለው። በአራተኛው አንዲት ሴትዮ ጋዜጦቹ የተቀረጹበትን ማይክሮፊልም አውጥታ ማሽኑ ላይ ገጠመችልኝ። ሰንጠረዤን በእጄ ነው የሞላሁት፤ እኮራበታለሁ።

3. ቁጥር አያስደንግጥህ። የባልቲሞሩ ወርዋሪ ማት ኪልሮይ በ1886፣ ሩኪ ሆኖ፣ 513 ስትራይክአውት (መቺን በሦስት ስትራይክ ማስወጣት) አለው። የኋለኛው ዘመን ሪከርድ፣ የኖላን ራያን የ1973ቱ፣ 383 ነው! ግን ኪልሮይ የሚወረውረው ከመቺው በ50 ጫማ ርቀት ላይ ሆኖ ነው። 60 ጫማ ከ6 ኢንች የሆነው በ1893 ነው። በዚያ ላይ 34 ጨዋታ ተሸንፏል። ከ1893 በፊትና በኋላ ያሉትን በአንድ ሚዛን አትመዝን።

አንድ ነገር ግን አደራ። 1884 ላይ ስትደርስ የቶሊዶውን ሞሰስ ፍሊትውድ ዎከርን እንዳትዘለው። ጥቁር ነው፤ 42 ጨዋታ ተጫውቶ .263 መትቷል። ከዚያ በኋላ የትልልቅ ሊጎች በር ለጥቁሮች ተዘጋ። የተከፈተው በ1947 በጃኪ ሮቢንሰን ነው። የመጀመሪያውን የዓመቱ ሩኪ ሽልማት የወሰደውም እሱ ነው፤ ከ1987 ጀምሮ ሽልማቱ በስሙ ይጠራል። ዎከር በቁጥር አንደኛ አይወጣም፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ከአሸናፊው ስም ሥር ስለ እሱ ሙሉ ገጽ ጽፌያለሁ። አንተም ጻፍ።

የመጨረሻው፣ በኋላ በመጣ ዝና አትሸልም። ሳይ ያንግ 511 ጨዋታ ያሸነፈ ወርዋሪ ነው፤ በ1890 ሩኪ ሳለ ግን ያሸነፈው 9 ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የቦስተኑ ኪድ ኒኮልስ 27፣ የሲንሲናቲው ቢሊ ራይንስ 28 አሸንፈዋል። ኒኮልስ በኋላ 361 ደረሰ፤ ራይንስን ዛሬ የሚያስታውሰው የለም። እኔ ለራይንስ ነው የሰጠሁት። ሰንጠረዡን ከፈለግክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ እልክልሃለሁ። የ1890ውን ግን መጀመሪያ ራስህ ምረጥና ንገረኝ።