የጣዝማ ማር ቫይረስ ይገድላል? ጠይቁኝ

ጥያቄ፦ የጣዝማ ማር ቫይረስ ይገድላል ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ የት ነው የሚገድለው? ቤተ ሙከራ ውስጥ ማር የኢንፍሉዌንዛንና የአልማዝ ባለጭራን ቫይረስ መራባት ሲገታ ታይቷል። ያም እንደ ጣዝማ በማትናደፈው ሳይሆን በተናዳፊዋ ንብ ማር፣ በተለይ ማኑካ በተባለው የኒውዚላንድ ማር ነው። የተዋጠ ማር ግን ሆድ ውስጥ ይፈጫል፣ ይቀጥናል፤ በዚያ መጠኑ ሳንባ አይደርስም። ጣዝማ የሰውን የቫይረስ በሽታ እንደሚያድን የተረጋገጠ ነገር የለም። መድኃኒታችሁን እንዳታቆሙ!

ጥያቄ፦ ከሌላው ማር በምን ይለያል?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ጣዝማ እንደ ንብ የማር እንጀራ አትሠራም። ሰሟን ከዛፍ ሙጫ ጋር ለውሳ ትንንሽ እንስራ የመሰሉ ማስቀመጫዎች ታበጃለች፣ ማሩ እዚያ ውስጥ ሲቆይ ከሙጫው ፍላቮኖይድና ሌሎች ውህዶች ይቀበላል፣ ተመራማሪዎችን የሚያጓጓቸውም ይሄው ነው። ውኃው ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 35 በመቶ ይደርሳል፤ ለዚህ ነው ቀጭንና ጎምዘዝ ያለ የሚሆነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ትሬሃሉሎስ የተባለ፣ ቀስ ብሎ ወደ ደም የሚገባ ስኳር በሌላ አገር የማይናደፉ ንቦች ማር ውስጥ በብዛት አገኙ። ይሄ ግን ከቫይረስ ጋር አይገናኝም፤ አታምታቱት።

ጥያቄ፦ በቀን ስንት ማንኪያ ልውሰድ?

መልስ፦ ለምኑ? በሽታውን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

አንድ አባል፦ እኛ ቤት ጉንፋን የሚለቀን በጣዝማ ነው።

ሌላ አባል፦ ጉንፋን እኮ ባትነካውም በሳምንት ይለቅሃል።

አንድ አባል፦ ሳሉ በአንድ ሌሊት ሲሻልስ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020፣ 14 ጥናቶችን መርምረው ማር ሳል እንደሚያስታግስ ጽፈዋል። ማስታገስና ቫይረስ መግደል ግን ለየቅል ናቸው።

ጥያቄ፦ የ8 ወር ልጄ ያስለዋል፣ ትንሽ ላልሰው?

መልስ፦ በፍጹም! ዓመት ላልሞላው ሕፃን ምንም ዓይነት ማር አይሰጥም። ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ መመረዝ የሚያመጣ የባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል። ማፍላትም አያጠፋውም። ሐኪም ያየው።

ጥያቄ፦ ለአዋቂስ ቢፈላ?

መልስ፦ ጀርም የሚገድለውን ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ማሩ ውስጥ የሚያመነጨው ኢንዛይም በሙቀት ይበላሻል። አታፍሉት።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቫይረስ ይገድላል ወይስ አይገድልም?

መልስ፦ ኧረ ከላይ አንብቡ! መድኃኒት አታቁሙ፣ ለሕፃን አትስጡ።

ጥያቄ፦ ማሰሮዬ ውስጥ አረፋ አወጣ። ተበላሸ?

መልስ፦ እንደ ጠጅ መብላላት ጀምሯል፣ ውኃው ብዙ ስለሆነ ነው። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው፣ ክዳኑን አላልተሽ።