ክኒኑን ከጀመረች ወዲህ ባዝራዬ መኖ ጠላች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ሥራዬም ፈረሶች መንከባከብ ነው። አሠሪዬ የሰጡኝ የ22 ዓመት ዳማ ባዝራ አለችኝ፤ 450 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ሙቀቱ ገብቶም የብርድ ጊዜ ጠጉሯ አልረግፍ ሲል ሐኪሙ ደሟን መርምሮ ኩሺንግ የሚባል የሆርሞን በሽታ ነው አለ። ፕራሴንድ የሚባል ክኒን በቀን አንድ አዘዘላት። በማንኪያ እየፈጨሁ ከመኖዋ ጋር እቀላቅልላታለሁ። በአራተኛው ቀን መኖውን አሽትታ መተው ጀመረች፤ አንገቷን ደፍታ ትቆማለች። ባለቤቴ ደግሞ መድኃኒቱ የሰው ልብ ስለሚጎዳ ከገበያ የወጣ ነው ብሎ አስደነገጠኝ። የአምስት ወር ሕፃን እያጠባሁ እሷን ለማየት ሌሊት እነሣለሁ። ላቋርጥባት?

መልስ፦ እህቴ፣ ከባዝራዋ በፊት ስለ አንቺ ልናገር። በክኒኑ ውስጥ ያለው ፐርጎላይድ የዶፓሚንን ሥራ ይሠራል። ዶፓሚን ደግሞ የእናት ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርገውን ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን ይቀንሳል። ስለዚህ የምታጠባ እናት በባዶ እጇ አትንካው። መፍጨቱንም ከዛሬ ጀምሮ ተዪ፤ ብናኙ ዓይን ያቃጥላል፣ ራስ ምታትም ያመጣል። ባለቤትሽ ቢሰጣት ደስ ይለኛል። ካልሆነ ጓንት አድርጊ፣ ስትጨርሺም እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

አሁን ወደ እሷ። መድኃኒቱ ሲፈተን ከሦስት ፈረሶች የአንዱ ያህል የምግብ ፍላጎት ቀንሷል፤ መፍዘዝና ተቅማጥ የታየባቸውም ነበሩ። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ሲለምደው ያልፋል። ግን አንድ ነገር ለይልኝ፦ የጠላችው ምግብን ነው ወይስ መድኃኒት የገባበትን መኖ? ሌላ ንጹሕ ባልዲ አምጪና ምንም ያልተቀላቀለበት ድርቆሽ አቅርቢላት። እሱን ከበላች ያስቸገራት ጣዕሙ ነው። ያን ጊዜ ክኒኑን በጥቂት ውኃ አሟሙታችሁ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በአፏ ጥግ ስጧት፤ የመኖ ባልዲዋ ዳግመኛ መድኃኒት አይንካው።

ድርቆሹንም ከተወች ዛሬውኑ ለሐኪሟ ደውዪ። በራስሽ አታቋርጪ፤ ግን «ታገሺ፣ ትለምደዋለች» ብለሽም አትቀመጪ። የተለመደው መንገድ መጠኑን ለ3 እስከ 5 ቀን በግማሽ መቀነስ ነው፤ ለእሷ ግማሽ ክኒን ማለት ነው። ክኒኑ መሐሉ ላይ መስመር ስላለው ሳይፈጭ ይከፈላል። ጨርሶ መብላት ካቆመች ሐኪሙ ሁለት ሦስት ቀን አስቁሞ በግማሽ ሊያስጀምራት ይችላል። መብላት ስትጀምር በየሁለት ሳምንቱ ቀስ እያለ ይጨመራል። እኔ መጀመሪያውኑ በግማሽ መጀመር እመርጣለሁ፤ ለአሮጌ ባዝራ ደግሞ ይልቁንም።

ቀኑን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች፣ መሬቱን በእግሯ ከጫረች፣ ሆዷን ዘወር ብላ ካየች፣ ከተንከባለለች ወይም ፋንድያ ካቆመች ቁርጠት ሊሆን ይችላልና ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ጥሪ። ሰኮናዋን በየጠዋቱ ዳስሺ። ከወትሮው ከሞቀ ወይም ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ካመላለሰች ላሚናይተስ የተባለውን የሰኮና ውስጥ ብግነት ነው የምፈራው፤ ኩሺንግ ያለባቸውን ፈረሶች ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እሱ ነው። መድኃኒቱን ዝም ብላችሁ እንዳታቋርጡ የምለምነውም ለዚሁ ነው። የምግብ ፍላጎቷን ለመመለስ ብለሽም ስኳር ያለበትን መኖ አትስጫት።

ባለቤትሽ ያነበበው እውነት ነው። ፐርጎላይድ ለፓርኪንሰን ሕመምተኞች ይሰጥ ነበር፤ የልብ ቫልቭ ስለጎዳ አሜሪካ ውስጥ በ2007 ለሰው መሸጡ ቆመ። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ይወስዱት የነበረው መጠን በኪሎ ሲሰላ ለባዝራሽ ከታዘዘው ብዙ እጥፍ ነው። ለፈረስ ደግሞ በ2011 ተፈቅዷል።

ደብረ ዘይት ስማር የማያቸው የጋሪ ፈረሶች እዚህ ዕድሜ ሳይደርሱ ነበር ጉልበታቸው የሚያልቀው። ለ22 ዓመት ባዝራ ሌሊት የሚነሣላት ሰው መኖሩ ልቤን ነክቶታል።

በወሩ ደሟ እንደገና ይመርመር። ምርመራው መስከረምና ጥቅምት ላይ ከዋለ በምርመራው የሚለካው ኤሲቲኤች የተባለው ሆርሞን በጤነኛ ፈረስም ከፍ ስለሚል፣ ሐኪሙ ውጤቱን ከወቅቱ ጋር አነጻጽሮ ያንብበው። እስከዚያ የበላችውን፣ የሰጠሻትን መጠንና ፋንድያዋን በደብተር ያዢለት።