የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመጀመሪያው ቀፎ

ጥያቄ፦ ንብ ማነብ ልጀምር ነው። አንዱ ባለ ክፈፉን ዘመናዊ ቀፎ፣ ዛንደርን ግዛ ይለኛል፤ ሌላው ባህላዊው ቀፎ ይበቃሃል ይላል። ለጀማሪ የቱ ይሻላል? ስንት ቀፎስ ልያዝ?
ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ በሁለቱ መካከል ያለውን፣ በጨፈቃ የሚሠራውን የኬንያ ቀፎ ይያዙ። ባህላዊው ቀፎ ርካሽ ነው፤ ግን የማር እንጀራው ከግድግዳው ጋር ስለሚጣበቅ ሳይቆርጡ ውስጡን ማየት አይቻልም። ጀማሪ ደግሞ የሚማረው በማየት ነው። ዛንደር ብዙ ማር መስጠቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ለክፈፎቹ የታተመ ሰም፣ ንግሥቲቱ ወደ ማሩ ክፍል እንዳትወጣ የሚያግድ ወንፊትና የማር ማውጫ መሣሪያ ይከተሉታል። በክፈፎቹና በሳጥኑ መካከል ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካልተጠበቀ ደግሞ ንቦቹ ጠባቡን በሙጫ ይደፍኑታል፣ ሰፊውን በእንጀራ ይሞሉታል፤ ያኔ ዘመናዊነቱ ይቀራል።

የኬንያው ቀፎ ገላ ሸካራ ቢሆን ግድ የለም። በጨፈቃ ወይም በቀርከሃ ይጎነጎናል፤ በጭቃና በእበት ይለሰናል። ጎኖቹ ወደ ታች እየጠበቡ ይውረዱ፤ ባዘነበለ ግድግዳ ላይ ንቦች እንጀራቸውን ብዙ አያጣብቁም። ልስኑን በጥላ አድርቀው ስንጥቁን ይድገሙት፤ የሰም ብልና ጥንዚዛ የሚደበቁት እዚያ ነው።

ቀልድ የማያውቀው በላዩ የሚደረደረው አግዳሚ እንጨት ነው። ወርዱ ልክ 3.2፣ ርዝመቱ 48 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የአገራችን ንብ ከአውሮፓዋ ስለምታንስ እንጀራዋን አቀራርባ ትሠራለች። ወርዱ 3.5 ሲሆን እንጀራው ከመስመሩ እየወጣ ሁለት ሦስቱን እንጨት ያያይዛል፤ አንዱን ሲያነሱ የሌላው ይቀደዳል፣ ማሩ ይፈሳል፣ ገና ያላደገው የንብ እጭ ይጨፈለቃል፣ ንቦቹ ይቆጣሉ። ስለዚህ ገላውን ራስዎ ይሥሩ፤ እንጨቶቹን ግን በልኩ የተቆረጠ ናሙና ይዘው ለአናጺ ይስጡ። 30 እንጨት 96 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን ቀፎ ይሞላል። ክፍተት ሳይተዉ ይደርድሯቸው፤ በእያንዳንዱ ሆድ ላይ፣ መሐል ለመሐል፣ ቀጭን የሰም መስመር ያፍስሱ። ንቦቹ ሥራ የሚጀምሩት ከዚያ መስመር ነው።

ሁለት ቀፎ ይበቃል፤ አንድ ግን ያንሳል። የአንዱ ንግሥት ብትሞት ከሌላው እንቁላልና ለጋ እጭ ያለበትን እንጀራ ከነእንጨቱ ቢሰጡት ራሱ ንግሥት ያሳድጋል። ዛንደሩን ከሁለት የማር ወቅት በኋላ ያስቡበት።

ጥያቄ፦ በመስከረም የገዛሁት መንጋ አዲስ ቀፎ ውስጥ በገባ በአራተኛው ቀን ኮበለለ። ምን አጠፋሁ?
ከወልዲያ

መልስ፦ ወቅቱን አልሳቱም፤ መንጋ የሚገኘው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያባርራቸው የቀለም ወይም የቫርኒሽ ሽታ፣ ጉንዳን፣ የቀትር ፀሐይ፣ ረሃብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በየቀኑ እየከፈቱ ማየት ነው። በሚቀጥለው መንጋ ቀፎውን አስቀድመው በጥንጁት ወይም በወይራ ያጥኑት፤ ውስጡን በሰም ይሹት። መንጋውን ሲመሽ ያስገቡ። ከሌላ ቀፎ እጭ ያለበት አንድ እንጀራ ካገኙ ይጨምሩለት፤ ንቦች እጭ ትተው በቀላሉ አይሄዱም። አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ሊትር ለብ ባለ ውኃ በጥብጠው፣ ሲቀዘቅዝ ግማሽ ሊትሩን በየምሽቱ ቀፎው ውስጥ ያስቀምጡ፤ እንዳይሰጥሙ ጭድ ይበትኑበት። ቀን ቀን ከሰጡ የሌላ ቀፎ ንቦች ለዘረፋ ይመጣሉ። ለአንድ ሳምንት አይክፈቱ፤ በራፉን ብቻ ይመልከቱ። በእግራቸው ጽጌ ብናኝ እያዘሉ ከገቡ፣ ንግሥቲቱ ሥራ መጀመሯ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ቀፎውን ከበረቱ አጠገብ ባስቀምጠውስ? ጥበቃ እንዲመቸኝ ነው።
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ አይሆንም። የታሰረ ከብት መሸሽ ስለማይችል የአገራችን ንብ ልትገድለው ትችላለች። ከቤት፣ ከበረትና ከመንገድ አርቀው፣ ጓሮ ካልሆነም ከረጅም አጥር ጀርባ ያድርጉት፤ አጥሩ ንቦቹን ከሰው ራስ በላይ እንዲበሩ ያስገድዳቸዋል። መቆሚያው ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ይበል፤ አራቱን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ያቁሙ፣ ዙሪያውን ሣር ያጭዱ። አንዲት የሣር አገዳ ቀፎውን ከነካች ጉንዳን በእሷ ተሻግሮ ይወጣልና ጣሳውን ሲያዩ ሣሩንም ይዩ።